ምስክርና ዳኛ፦ በባሕር ላይ መሣሪያን ስለ ማመን

በሸራ የሚሄድ ጀልባ ሌሊት ወደ እንግዳ የባሕር ዳርቻ ሲቃረብ፣ መሪውን የያዘው ሰው በዓይኑ የሚያየው ጥቂት ነው። ያለበትን ቦታ የሚነግረው ጂፒኤስ ነው፤ ከጀልባው ሥር ስንት ሜትር ውሃ እንዳለ የሚነግረው ጥልቀት መለኪያው ነው፤ ዐለቱና የአሸዋው ክምር የት እንደተሸሸገ የሚነግረው የባሕር ካርታው ነው። ከሦስቱ የአንዱንም ቃል በራሱ ዓይን አላረጋገጠም። ሆኖም በእነርሱ ቃል የራሱንና አብረውት የተሳፈሩትን ሕይወት ያስይዛል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የመርከበኛ ብቻ አይደለም፤ ፍልስፍናም ሃይማኖትም ከጥንት ጀምረው ሲመላለሱበት የኖሩት ነው፦ ሰው ያላየውን ነገር በሌላ ቃል ማመን የሚገባው መቼ ነው? እስከ ምን ድረስ?

አማርኛ «ማመን»ንና «መታመን»ን ከአንድ ሥር ያበቅላቸዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ማመን የሰሚው ሥራ ነው፤ መታመን የተናጋሪው ጠባይ ነው። ሰሚው በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ የማይታመነውን ሲያምን፣ ወይም የሚታመነውን ሳያምን ሲቀር። በባሕር ላይ ሁለቱም ስሕተቶች መርከብ ሰብረዋል። ከሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማግኘት የሚረዳው የችሎት ሥርዐት ነው። መሣሪያ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር የሚሰማው ባየው ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ካየው በላይ እንዲናገር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የሰሚው ምኞት ነው። ፍርዱ የዳኛው ነው፤ በጀልባ ላይም ዳኛው ሰው ነው።

እያንዳንዱ ምስክር ያየው

የመጀመሪያው የዳኛ ሥራ ምስክሩ በምን ነገር ላይ ሊመሰክር እንደሚችል መለየት ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። በጀልባው ላይ ያለው ተቀባይ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ይቀበልና ምልክቱ በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ፣ ከሴኮንድ ሚሊዮን እጅ አንዱ ያህል የጊዜ ስሕተት 300 ሜትር ያህል የቦታ ስሕተት ያስከትላል። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት የተሸከሙት ለዚህ ነው። ሰማዩ ወለል ባለበት ባሕር ላይ ስሕተቱ በአብዛኛው ከጥቂት ሜትር አይበልጥም። ምስክሩ እንግዲህ ብርቱ ነው። ነገር ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቴናው ያለበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ። ስለ ዐለት አያውቅም፤ ስለ ነፋስ አያውቅም፤ ጀልባው ወዴት መሄድ እንዳለበትም አያውቅም።

ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ዌይፖይንት የሚባለው የጉዞ ነጥብ ነው። ይህ ነጥብ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው በጣቱ የሚጽፈው ነው። ስለዚህም በመሣሪያው ስክሪን ላይ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ለሰው ስሕተት የቀረበው እርሱ ነው። በኬክሮስ ላይ የአንድ ደቂቃ ስሕተት ጀልባውን አንድ የባሕር ማይል ማለትም 1,852 ሜትር ያስተዋል፤ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ደግሞ 60 የባሕር ማይል። መሣሪያው የተሳሳተውን ነጥብ ከትክክለኛው ጋር እኩል በሆነ ትጋት ይከተለዋል። ጠንቃቃ መርከበኛ ስለዚህ ነጥቡን ካስገባ በኋላ መሣሪያው ያሰላውን ርቀትና አቅጣጫ በካርታ ላይ በእጁ ከለካው ጋር ያስተያየዋል፤ ሌላ ሰውም ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ እንዲያነባቸው ያደርጋል። ነጥቡን በተንሳፋፊ ምልክት ወይም በዐለት አናት ላይ ማኖርም አይገባም፤ የዛሬው መሣሪያ ጀልባውን አምጥቶ ከምልክቱ ጋር ሊያላትመው የሚያስችል ትክክለኛነት አለውና።

ከዚህ የበለጠው አደጋ በነጥቦቹ መካከል ነው። ሁለት ነጥቦች እያንዳንዳቸው በጥልቅ ውሃ ላይ ሆነው፣ የሚያገናኛቸው ቀጥ ያለ መስመር ግን በዐለት ላይ ሊያልፍ ይችላል። የሸራ ጀልባ ደግሞ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ፊት መሄድ አይችልም፤ ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል እየራቀ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ይወጣል። ነፋስና የውሃ ፍሰትም ወደ ጎን ይገፉታል፤ አፍንጫው ወደ አንድ አቅጣጫ እያመለከተ አካሉ ወደ ሌላ ይሄዳል። በካርታ ላይ የተሰመረው መስመር እንግዲህ ጀልባው የሚሄድበት መንገድ አይደለም። መመርመር ያለበት ጀልባው ሊረግጠው የሚችለው ሜዳ በሙሉ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ጥልቀት መለኪያው ነው። ከጀልባው ሆድ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ በባሕር ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ የገደል ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይሰጣል። ይህ ምስክር የሚያየው አሁን ከበታቹ ያለውን ነው፤ ከፊት ያለውን አያይም። በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 6 የባሕር ማይል፣ የሚሄድ ጀልባ በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀስ እያለ በሚወጣ የአሸዋ ወለል ላይ ይህ በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በሚነሣ የኮራል ዐለት ፊት ግን ማስጠንቀቂያውና ግጭቱ አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። የዓሣ መንጋ፣ የአየር አረፋ ወይም በቅዝቃዜ የሚለያዩ የውሃ ንብርብሮችም ወለል መስለው ሊያታልሉት ይችላሉ።

ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደተለካ ማወቅም ያስፈልጋል። አንዳንዱ መሣሪያ ከውሃው ፊት ጀምሮ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ድምፅ ከሚልከው አካል፤ ሌላው ኪል ከሚባለው፣ ጀልባውን ከሥር ከሚያጸናው ከባድ ክንፍ ጫፍ። ውሃ ውስጥ 2 ሜትር ለሚጠልቅ ጀልባ፣ «3 ሜትር» የሚል ቁጥር በመጨረሻው አቆጣጠር 3 ሜትር ትርፍ ውሃ አለ ማለት ነው፤ በመጀመሪያው አቆጣጠር ግን የቀረው 1 ሜትር ብቻ ነው። በካርታ ላይ የተጻፈው ጥልቀት ደግሞ ባሕሩ በእጅጉ ሲጎድል ከሚኖረው ደረጃ የተለካ ስለሆነ፣ የሰዓቱን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሳይደምሩ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልም። ቁጥር ብቻውን ቃል አይደለም፤ ቃል የሚሆነው የመለሰው ጥያቄ ሲታወቅ ነው።

የሙታን ምስክርነት

ሦስተኛው ምስክር ካርታው ነው። ካርታ ከሌሎቹ የሚለየው የሚናገረው በሌላ ዘመን ሰዎች አንደበት በመሆኑ ነው። በብዙ የዓለም ባሕሮች ዛሬም በስክሪን ላይ የሚበራው ጥልቀት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እርሳስ የታሰረበት ገመድ እየጣሉ የለኩ ሰዎች ያኖሩት ነው። ገመዱ የነካበትን ቦታ ለኩ፤ በሁለት ልኬት መካከል የቆመውን ዐለት ግን ላያገኙት ይችሉ ነበር። ቦታውንም የወሰኑት በፀሐይና በከዋክብት ነው። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክ ካርታ ላይ የልኬቱ አስተማማኝነት በደረጃ ይገለጣል፤ «ኤ1» በሚባለው ከፍተኛ ደረጃ የቦታው ስሕተት እስከ 5 ሜትር ሲሆን፣ በ«ሲ» ደረጃ እስከ 500 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ይህ ለፍልስፍናው ጥያቄ ትልቅ ትምህርት አለው። ጂፒኤስ ጀልባው የት እንዳለ በጥቂት ሜትር ልክ ያውቃል፤ ካርታው ግን ዐለቱ የት እንዳለ የሚያውቀው በ500 ሜትር ልክ ሊሆን ይችላል። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ጥራት ተስለው ይታያሉ። የአንዱ ምስክር ጥንካሬ ለሌላው የተሰጠ ይመስላል። ከአባቶች የተቀበለውን ነገር ሁሉ ሰው እንዲህ ነው የሚያነበው፤ የተጣራውና ያልተጣራው በአንድ ድምፅ ይደርሱታል። ትውፊትን ማክበር ማለት ታዲያ ሁሉንም በእኩል ማመን አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደለካው ጠይቆ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ክብር መስጠት ነው። ሳይለኩ ያለፉትን ቦታ «ለክተዋል» ብሎ መናገር እነዚያን ሠራተኞች ማክበር ሳይሆን በስማቸው መዋሸት ነው።

ዝምታ ምስክር አይሆንም

እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2014 «ቬስታስ ዊንድ» የተባለች የውድድር የሸራ ጀልባ ከኬፕታውን ወደ አቡ ዳቢ ስትጓዝ፣ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የካርጋዶስ ካራሆስ የኮራል ዐለት ላይ በጨለማ ወጣች። በዓለም ዙሪያ በሚካሄደው የቮልቮ ኦሽን ሬስ ውድድር ላይ የነበሩት ዘጠኙ ተሳፋሪዎች ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጂፒኤሱም የተበላሸ አልነበረም። ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ በትክክል ያውቁ ነበር። ያላወቁት በዚያ ቦታ ዐለት መኖሩን ነው። ኤሌክትሮኒኩን ካርታ ያጠኑት ሰፊውን ባሕር በአንድ ስክሪን ለማየት በሚያስችል ጎልቶ ባልቀረበ መጠን ነበር፤ በዚያ መጠን ዐለቱ ለዓይን አይታይም፤ የሚነበበው ጥልቀትም ለጀልባ የሚያሰጋ አይመስልም። ካርታው ቀረብ ተደርጎ ቢታይ ኖሮ ዐለቱን ያሳይ ነበር። ሁሉም ሰዎች በሕይወት ተርፈዋል።

ካርታው አልዋሸም፤ በዚያ ርቀት ዝም አለ። ስሕተቱ ዝምታውን «ምንም የለም» ብሎ መተርጎም ነው። በችሎት «አላየሁም» የሚል ምስክርና «አልተደረገም» የሚል ምስክር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የራሱን ዓይን ወሰን ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ዓለም ይናገራል። ዛሬ መረጃ ሁሉ እየተጠቀለለና እየተጨመቀ በሚቀርብበት ዘመን ይህ ልዩነት ከባሕር ውጭም ይሠራል፤ ያልታየው ነገር የሌለው ነገር አይደለም። በባሕር ላይ መድኃኒቱ ቀላል ነገር ግን አሰልቺ ነው። መስመሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ ካርታውን በቅርብ አጉልቶ፣ አንድ በአንድ መመልከት ነው። ትዕግሥት እዚህ ላይ የምግባር ጌጥ አይደለም፤ የእውቀት መንገድ ነው።

ሁለት ምስክር መቼ ሁለት ይሆናል?

ሕገ ኦሪት ሰው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድበት ያዝዛል፤ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋሉ። ይህ ሥርዐት የሚጠቅመው ግን ምስክሮቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ያዩ ሲሆኑ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰምቶ ቢደግመው ምስክሩ አሁንም አንድ ነው። ሉድቪግ ቪትገንሽታይን ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው «የፍልስፍና ምርመራዎች» መጽሐፋቸው፣ የጧቱ ጋዜጣ እውነት መናገሩን ለማረጋገጥ ያንኑ ጋዜጣ ብዙ ቅጂ የሚገዛ ሰው ምሳሌ አቅርበዋል።

የባሕር ታሪክ ይህን ምሳሌ በብረትና በውሃ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1995 «ሮያል ማጀስቲ» የተባለች የመዝናኛ መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትሄድ በናንተኬት ደሴት አጠገብ በአሸዋ ላይ ተቀመጠች። 1,509 ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር። መርከቧ ከተነሣች አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተነቅሎ ነበር። መሣሪያው ከሳተላይት ሲለያይ የመርከቧን ፍጥነትና አቅጣጫ ይዞ በግምት ማስላት ቀጠለ፤ ይህንንም በስክሪኑ ላይ በትናንሽ ፊደላት ገለጠ። መርከቧ ከአንድ ቀን በላይ እንዲሁ ተጓዘች፤ ከመስመሯም 17 ማይል ያህል ወጣች። ተረኛ መኮንኖቹ የጂፒኤሱን ቦታ መርከቧን ከሚመራው ኮምፒውተር ጋር ሲያስተያዩት ይስማማ ነበር፤ የሚስማማው ኮምፒውተሩ ቦታውን የሚወስደው ከዚያው ጂፒኤስ ስለነበር ነው።

ራሳቸውን የቻሉ ምስክሮች አልጠፉም ነበር። ሎራን-ሲ የተባለው ሌላ የሬዲዮ መሣሪያ በትክክል እየሠራ ነበር፤ ከእርሱ ጋር የሚያስተያይ አልተገኘም። ጥልቀት መለኪያው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን በዜሮ ሜትር ላይ ተቀምጦ ስለነበር ድምፅ ሊያሰማ የሚችለው ከነገሩ በኋላ ብቻ ነበር። ከመርከቧ መምሪያ ክፍል የሚጠብቁት ሰዎች ሊኖሩ የማይገባቸውን መብራቶች፣ በመጨረሻም ከፊት ነጣ ያለ ውሃ አይተው ተናግረዋል። ዳኛው ግን ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር፤ የሚሰማውንም ሁሉ ከፍርዱ ጋር አስማማው።

አንድ ምስክር ሳይበላሽ ሊታለልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በጥቁር ባሕር ላይ የነበሩ በርካታ መርከቦች ጂፒኤሳቸው በየብስ ላይ በሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ እንዳሉ አሳይቷቸዋል። አውሮፕላን ማረፊያ መካከል የቆመ መርከብ ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል። ስሕተቱ ግማሽ ማይል ብቻ ቢሆን ግን የሚያጋልጠው ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ለሸራ ጀልባ ከሁሉ የቀረበው ጥልቀት መለኪያው ነው። ጂፒኤሱ ከሰማይ ይሰማል፤ ጥልቀት መለኪያው ከባሕር ወለል ይሰማል፤ አንዱ ከሌላው አይቀዳም። ጂፒኤሱ ባመለከተው ቦታ ካርታው 30 ሜትር ካለና መለኪያው፣ የባሕሩ ሙላት ተቆጥሮ፣ 30 ካሳየ ነጻ ምስክሮች ተስማሙ። 12 ካሳየ ከሦስቱ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅም ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። ከእነዚህ ጋር ኮምፓሱ፣ የየብሱ ምልክትና የተጓዦቹ ዓይንና ጆሮ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በ5ኛ ደንቡ ማንኛውም መርከብ በማየትና በመስማት ሳያቋርጥ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይህ ግዴታ ጥሩ መሣሪያ በመያዝ አይቀርም።

ያለ ልክ መጠርጠር

እስካሁን ከተባለው «መሣሪያን አለማመን ይሻላል» ብሎ መደምደም ሌላውን ስሕተት መጥራት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1923 ሌሊት 14 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በካሊፎርኒያ ዳርቻ ተከታትለው በ20 ኖት ይጓዙ ነበር። መሪዋ መርከብ ቦታዋን የምትወስነው በፍጥነት፣ በአቅጣጫና በጊዜ ስሌት ነበር። በየብስ ላይ የነበረው የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ ጣቢያ ስሌታቸውን የሚቃረን ቃል ላከላቸው። መሣሪያው በዚያን ጊዜ አዲስ ነበርና መኮንኖቹ ጠረጠሩት፤ የራሳቸውን ግምት አመኑ። ጥልቀት ለመለካት ፍጥነት መቀነስ ያስፈልግ ነበር፤ አልቀነሱም። ወደ ሳንታ ባርባራ መተላለፊያ የገቡ መስሏቸው ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ሰባት መርከቦች በሆንዳ ፖይንት ዐለቶች ላይ ወጡ፤ 23 ሰዎች ሞቱ። የተጠረጠረው ምስክር ትክክል ነበር።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፎች በዚህ ጥያቄ ላይ ተለያይተው ነበር። ዴቪድ ሂዩም የሌላ ሰው ቃል የሚታመነው ቀደም ሲል እውነት ሆኖ በመገኘቱ ልክ ነው ይላሉ፤ ማስረጃው ይቅደም፤ እምነቱ በማስረጃው መጠን ይሁን። ቶማስ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተሙት መጽሐፍ በበኩላቸው ማመን በሰው ተፈጥሮ የተተከለ መነሻ ነው ይላሉ፤ ሕፃን አስቀድሞ ያምናል፤ መጠርጠርን የሚማረው በኋላ፣ ምክንያት ሲያገኝ ነው። የባሕር ጉዞ ሁለቱም በየቦታቸው እንደሚያስፈልጉ ያሳያል። በሰፊው ውቅያኖስ መካከል፣ በሺህ ሜትር ውሃ ላይ፣ መሣሪያን እንደ ሪድ ማመን ደግ ነው፤ ግማሽ ማይል መሳሳት ማንንም አይጎዳም፤ እያንዳንዱን ቁጥር መጠርጠርም ሰውን ያለ ጥቅም ያደክማል። ዳርቻው ሲቀርብ ግን እንደ ሂዩም መመርመር ይገባል። የሚያስፈልገውን የምስክር ብዛት የሚወስነው የመሣሪያው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋም ነው። ደም ያለበት ነገር የበለጠ ምስክር እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ዐለት ያለበት ውሃም እንዲሁ ነው።

የሆንዳ ፖይንቱ ታሪክ ሌላም ነገር ይገልጣል። የራስ ስሌትም ምስክር ነው። ከውስጥ የሚናገር ስለሆነ ዳኛ ይመስላል፤ ግን እርሱም የሚያውቀው የተነሣበትን ቦታና የገመተውን ፍጥነት ብቻ ነው። መሣሪያን የሚጠይቅ ሰው የራሱንም ግምት ያለ አድልዎ «ተጠየቅ» ሊለው ይገባል። ትሕትና በሃይማኖት የምትሰበከው ምግባር ብቻ አይደለችም፤ ያለ እርሷ ምስክር መስማት አይቻልም።

ቀጠሮ

ምስክሮች ሲጋጩ ምን ይደረጋል? የሁለቱን ቁጥር ደምሮ ለሁለት ማካፈል ፍርድ አይደለም፤ ዐለቱ በመካከል ሊሆን ይችላልና። ደስ የሚያሰኘውን መምረጥም ፍርድ አይደለም። ችሎት ማስረጃ ሲጎድለው ቀጠሮ ይሰጣል። በባሕር ላይም ቀጠሮ አለ። የሸራ ጀልባ ፍጥነቱን ሊቀንስ፣ ወደ መጣበት ጥልቅ ውሃ ሊመለስ፣ ወይም ሸራዎቹን እርስ በርሳቸው አቃርኖ ባለበት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለው መዘግየት ሽንፈት መስሎ የሚታየው መድረስን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ጥልቀት መለካትን የሚገልጥ ጥንታዊ ምስክርነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስን የያዘው መርከብ በዐውሎ ነፋስ ሲገፋ ሰነበተ፤ በዐሥራ አራተኛው ሌሊት መርከበኞቹ የብስ የቀረበ መሰላቸው። ግምታቸውን ይዘው አልተኙም፤ ገመድ ጣሉ። ሁለት እጅ ተዘርግቶ በሚሆነው ስፍር 20 አገኙ፤ ጥቂት ሄደው ዳግመኛ ሲጥሉ 15። አንዱ ልኬት ጥልቀትን ነገራቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ውሃው ወዴት እያነሰ እንደሚሄድ ነገሯቸው። ከዚህ በኋላ ምን ያህል ተጨማሪ መሄድ እንደሚቻል አልተከራከሩም፤ ከኋላ አራት መልህቅ ጣሉ፤ የሚነጋበትንም ጊዜ ተመኙ። መርከቡ በማግሥቱ ተሰበረ፤ 276ቱ ሰዎች ግን ሁሉም ወደ ምድር ወጡ።

በዚያ ሌሊት ከነበረው ገመድ እስከ ዛሬው ሳተላይት ድረስ መሣሪያው ተለውጧል፤ የዳኛው ሥራ ግን አልተለወጠም። እያንዳንዱ ምስክር ያየውን መለየት፣ ዝምታውን አለመተርጎም፣ ከሌላ የተቀዳውን ቃል እንደ ሁለተኛ አለመቁጠር፣ የራስን ግምት ከምስክሮቹ መካከል ማስቀመጥ፣ ቃላቸው ሳይገጥም ሲቀርም መልህቅ ጥሎ ንጋትን መጠበቅ ነው።